ፈቃድ በፋክስ

ደባርቅ የኛን ባንክ ፋክስ ፖስታ ቤት ካደረገችው ሰነበተች። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወዲህ ቴሌግራም የለ፣ ኢሜይል የለ። በሾፌር እጅ ልላክ ቢሉ የጎንደር መንገድ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ይዘጋል። ማሽኑ የተቀመጠው እኔ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ሁሉም «የሺወርቅ፣ በእናትሽ» ይለኛል። እኔ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ነኝ እንጂ የማንም መልእክተኛ አይደለሁም፤ ግን ማን ይሰማኛል!

ቄስ አለነ ከበየዳ የመጡት ማክሰኞ ዕለት ነው። የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው ጽጌሬዳ ልቧን ታማ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝታለች፤ አብራት ያለችው አክስቷ ናት። ለቀዶ ሕክምናው የአባት ፈቃድ በጽሑፍ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልደረሰ ተራዋ ለሌላ ይሰጣል። ቀጣዩ ወረፋ ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ስድስት ወር አትቆይም ብሏል።

ወረቀት ሰጠኋቸው። «የእርስዎን ስም፣ የታመመችውን ስም ይጻፉና ፈቅጃለሁ ብለው ይፈርሙ።» የእጅ ጽሕፈታቸው ሲያምር! ሰልፈኛው ከኋላቸው ይጮህብኝ ስለነበር ሳላነበው አስተላለፍኩት። እሳቸውም መርቀውኝ በጭነት መኪና ወደ በየዳ ተሳፈሩ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከሆስፒታሉ ተደወለ። «ወለተ ሰንበት የምትባል ታካሚ የለችንም» አለች ነርሷ።

ወረቀቱን አነሣሁት። «ገብረ ሥላሴ ለወለተ ሰንበት ፈቅጃለሁ» ይላል። ቄስ የበሽተኛ ስም ጻፍ ሲባል የሚያውቀው ለጸሎት የሚያነሣውን ነው፤ የሁለቱንም የክርስትና ስም ጽፈው ሄደዋል። ስልክ የላቸውም። በሳቸውም ተናደድኩ፣ ባላነበብኩት በራሴም።

ሌላ ወረቀት አወጣሁና «እኔ ቄስ አለነ ያርጋል ለልጄ ለጽጌሬዳ አለነ» ብዬ ጻፍኩ። በሳቸው ስም ፈርሜ ወደ ማሽኑ አስገባሁት። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ደረሰ።

ጽጌሬዳ ከቀዶ ሕክምናው አልነቃችም።

ቄስ አለነ ከአርባዋ በኋላ መጡ። ከፊቴ ተቀመጡ።

«ቅዳሴ ትቻለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «በገዛ እጄ ፈርሜ አሳረድኋት። ይህ እጅ ከእንግዲህ ሥጋ ወደሙን አይነካም።»

ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ፊታቸውን እያየሁ ግን አልቻልኩም።

«አባ፣ የእርስዎ ወረቀት አልሠራም። ስሙ ሌላ ነው ብለው መለሱት። የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ቀና አሉ። «እኔ አልፈረምሁም?»

«አልፈረሙም።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው። ያኔ እንባቸው መጣ፤ ከላያቸው ሸክም የወረደላቸው ያህል ተነፈሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ይቅር ያሉኝ መስሎኝ ነበር።

ሲነሡ እንደ ወጉ ጎንበስ ብዬ ጠበቅኩ። መስቀላቸውን ሳያሳልሙኝ ወጡ።