ባሕር የሌለበት የባሕር ጉዞ

ፀሐይወርቅ የጉዞ እቅዱን በገዛ እጇ ጻፈችው። አሜሪካ ውስጥ በሚኖሩበት ከተማ፣ ሞርስ ሮድ የሚባለው መንገድ አካባቢ ያለውን የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም፤ እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ጽፋ አታውቅም። ሦስት ቅዳሜ ፈጀባት። ኮቪድ ቤት ዘግቶባቸው ከከረመ በኋላ ከምትሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ከዌርሃውሱ፣ የአምስት ቀን እረፍት አግኝታለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በባሕር ዳር ዳር ዝግ ብለው እየነዱ፣ ደስ ያላቸው ቦታ እየቆሙ መሄድ። ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የትራክ ሹፌር ለሆነው ባሏ ለጀማነህና ለልጃቸው ለሔራን ወረቀቱን ዘረጋችላቸው።

«አንደኛ ቀን ፒትስበርግ፣ ጋሼ ወርቅነህ ቤት ምሳ» ብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እትዬ ፅጌረዳ ጋ እናድራለን። በማግስቱም እዚያው፤ አንድ ሌሊት ብቻ አድረን ብንሄድ ይቀየሙናል። ሦስተኛ ቀን ሪችመንድ። የሀይሉ ሚስት ወልዳ እንኳን ማርያም ማረችሽ አላልናትም። አራተኛ ቀን...»

ሔራን መንገዱን በስልኳ ካርታ ላይ ስትከተል ቆይታ ቀና አለች።

«ማሚ፣ ዌር ኢዝ ዘ ቢች? ባሕሩ የታለ?»

ጀማነህ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ይሄማ ዘመድ ጥየቃ ነው። ነጠላሽን ያዢ እንጂ የዋና ልብስ ምን ያደርግልሻል?»

ፀሐይወርቅ ወረቀቱን ደግማ አየችው። እውነትም ሁሉም የሰው ቤት ነው። «ታዲያ በደጃቸው ዝም ብለን እንለፍ?»

«ደውለሽ ንገሪያቸዋ።»

«ማን፣ እኔ? እትዬ ፅጌረዳን?» አሜሪካ ሲገቡ ሦስት ወር ሙሉ ቤታቸው ያስቀመጧቸው እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ከማስቀየም ባሕሩ ቢቀር ይሻላል አለች በልቧ። ግን ደግሞ አምስት ቀን መቼ ይገኛል?

ስፒከሩን ከፍታ ደወለች። ጤናቸውን ጠየቀች፣ ጉልበታቸውን ጠየቀች፣ የጎረቤታቸውን ጤና ሳይቀር ጠየቀች። ጀማነህ በእጁ «ቀጥዪ» አላት።

«እትዬ፣ እንደው... ዘንድሮ እርስዎ ጋ ሳንቆም በቀጥታ ወደ ባሕሩ ብንሄድ ብለን ነበር። አይቀየሙኝ።»

ፀሐይወርቅ ዓይኗን ጨፈነች።

«የቱ ባሕር?» አሉ እትዬ ፅጌረዳ።

«ኦሽን ሲቲ የሚሉት። ከዚያ ወደ ታች፣ በባሕሩ ዳር ዳር።»

«አንቺ! ከእኔ ቤት እኮ ሦስት ሰዓት ነው! ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ስኖር አንድ ቀን አልረገጥኩትም። ለምን መሰለሽ? ሙቀቱ ገብቶ ሰመር በመጣ ቁጥር እናንተ ትመጡብኛላችኋ! ሳበላ ሳጠጣ ሰመሩ ያልቃል።»

ጀማነህ በሳቅ ከሶፋው ሊወድቅ ደረሰ።

«ውይ እትዬ! ታዲያ አይነግሩንም?»

«እንግዳ አትምጣ ይባላል እንዴ? ይልቅስ መኪናችሁ ውስጥ ቦታ አለ?»

«ሞልቶ! ከሔራን ጎን።»

«በሉ፣ በር ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ። ሞተሩን እንዳታጠፉት! ከገባችሁማ ምሳ ላቀርብ ነው፤ ከዚያ መቅረታችን ነው።»

ስልኩ ሲዘጋ ፀሐይወርቅ እየሳቀች አዲስ ወረቀት አወጣች። «አንደኛ ቀን፦ ባሕር» ብላ ጻፈች። ከሥሩም «ሁለተኛ ቀን፦ ባሕር»።

ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ሔራን በትከሻዋ በኩል አጮልቃ አየችና «ኦኬ ማሚ፣ ገብቶናል» አለቻት።

እሷ ግን እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ፣ አንድም ፊደል ሳትዘል ጻፈችው።