የግማሽ ኪሎ ጣሳዎች

አክስቴ ክር እያቀለመች ነው ያሳደገችኝ። ትከሻዋ እምቢ ካላት ወዲህ የማቅለሚያውን በርሜል አዘንብላ ዱቄት መስፈር ስላቃታት፣ ውጭ አገር ያለውን ላኪ ሰማያዊውን ማቅለሚያ በግማሽ ኪሎ ጣሳ እንዲያሽግላት ለመነችው፤ አንድ ጣሳ ለአንድ ገንዳ። ደግ ሰው ነው፤ ጣሳዎቹ ላይ ባለ አበባ ወረቀት ሳይቀር ለጥፎ ላከላት።

ያ ደግነቱ ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ አንቆ ያዘን።

"ይሄ የሱቅ ዕቃ ነው፤" አለ ፈታሹ፣ አንዱን ጣሳ እያገላበጠ።

የሱቅ ዕቃ ከተባለ ቀረጡ ከአቅማችን በላይ ነው። የተማሪዎች ሹራብ የሚሠራው ነጋዴ ደግሞ አክስቴ ጋ ያስቀመጠው ክር ዛሬ ገንዳ ካልገባ ወስጄ ለሌላ እሰጣለሁ ብሏል። አክስቴ ከእሱ ሌላ ደንበኛ አልቀራትም።

"ሱቅ የለንም። ሱቅ ቢኖረን እዚህ ከእርስዎ ጋር አቧራ እቅም ነበር?"

"እህቴ፣ እኔ የማየውን ነው የምመድበው።"

"ዱቄቱን ይዩታ። በርሜል ውስጥ ካለው በምን ይለያል?"

"በምንም።"

"እና?"

"እናማ መጽሐፉን አንብቢው።"

እኔን ነው አንብቢ የሚለኝ። የታሪፍ መጽሐፉን ማንም ሳያስተምረኝ፣ የአክስቴን ዕቃ ላስለቅቅ ወረፋ ላይ ቆሜ ነው ከዳር እስከ ዳር የጨረስኩት። ገጹን ቀድሜው ገለጥኩት። ማቅለሚያ በጅምላ ሲመጣ አንድ ምድብ ነው፤ ያው ማቅለሚያ ለችርቻሮ በሚሆን መልክ ከታሸገ ሌላ። ልከራከረው ሄጄ ጭራሽ ጠበቃ ቆምኩለት።

"በርሜል ላምጣና ዱቄቱን እዚሁ ልገልብጠው።"

"የሚመደበው ሲገባ በነበረበት መልክ ነው። ይህንንም ታውቂዋለሽ።"

አውቀዋለሁ። ይግባኙ የት እንደሚገባና ምን ተብሎ እንደሚመለስም አውቃለሁ። ምነው ባለጌ በሆነልኝ፤ ለባለጌ መልስ አላጣም። እሱ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

ስልኬ ጮኸ።

"ጠበቃዬ፣ ለቀቁት?" አለች አክስቴ፤ ስለምከራከርላት ያወጣችልኝ ስም ነው።

"አልለቀቁትም።"

"ማነው እሱ? ስጪኝ እስቲ።"

"አክስቴ፣ ሰውየው ልክ ነው። ጣሳው ነው ጉድ የሠራን።"

ከኋላዋ የገንዳው ውሃ ሲንተከተክ ይሰማኛል።

"አንቺስ ምን አልሽው?"

"ምን ልበለው?"

"አንቺ? አንቺ ነሽ ምን ልበለው የምትይ?" አለች፤ ስትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "በይ እሺ። ነጋዴው በር ላይ ቆሟል፤ ክሩን ሊጭን ነው።"

"ትንሽ ይታገሰን በይው።"

"ምን ሊመጣ?"

ስልኩን ሳትዘጋው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው መሰለኝ፤ የመኪና በር ሲከፈት ሰማሁ፣ ከዚያም የእሷን ድምፅ፣

"ቀስ በል ወንድሜ፣ ክሩን መሬት አታስነካው። ነጭ ነው፣ ይቆሽሻል።"