የነካኸውን ትጫወታለህ

ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ቁልፍ እቀርጻለሁ። ፊት ለፊቴ ሻይ ቤት አለ። በረንዳው ላይ ቼስ የሚጫወቱ ሰዎች ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠው ይውላሉ። እኔ አልጫወትም። አያቸዋለሁ።

ቼስ አእምሮን ይስላል ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ቢላዋ ግን መሳሉ የሚታወቀው ሽንኩርት ሲቆረጥበት ነው። የእነሱ ሲቆርጥ አላየሁም።

ኃይለኪሮስ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነው። ቼስ የመርሳት በሽታን ይከላከላል እያለ ይሰብከናል። ባለፈው ዓመት የልጅ ልጁን ከትምህርት ቤት ማምጣት ረስቶ ዘበኛው እጇን ይዞ በረንዳው ድረስ አመጣለት። «አንድ ጊዜ ቆይ» አለው ዘበኛውን። ተራው ነበር።

ፍትዊ ደግሞ እዚያው አጠገብ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው። ደንበኛ መጥቶ ሚስማር ሲለው፣ ቀና ሳይል «ገብተህ ፈልገህ ውሰድ» ይላል። ሰዉም ገብቶ ይወስዳል። አንዳንዱ ያልፈለገውንም ይወስዳል። «ጋሼ ተኽላይ፣ ቼስ እኮ ሦስት እርምጃ ወደ ፊት ማየት ያስተምራል» ይለኛል። መደብሩ ከኋላው ነው።

እነዚህ ሁለቱ ለዓመታት ሲጫወቱ ኖረው በአንድ ፈረስ ተጣሉ። በእነሱ ሕግ የነካኸውን ትጫወታለህ። ፍትዊ «ፈረሱን ነክተሃል፣ እሱኑ አንቀሳቅስ» አለ። ኃይለኪሮስ «እጅጌዬ ነው የነካው» አለ።

«እጅጌህ ውስጥ የማን እጅ ነበር?»

ቦርዱ ተገለበጠ። ከዚያ በኋላ ጀርባ ተሰጣጥተው፣ በተለያየ ጠረጴዛ ከሌላ ሰው ጋር ሆነ ጨዋታቸው። ሰላምታም የለም።

በዚህ መሀል የፍትዊ ልጅ ሉዋምና የሰፈራችን ሴት የትብለጽ ልጅ ቴድሮስ ሊጋቡ ፈለጉ። ቴድሮስ በፋሲካ ማግስት ለሥራ ጅቡቲ ይሄዳል። ሉዋም ሳታገባ አብራው አትሄድም፤ እናቷም አትለቃትም። ከዐቢይ ጾም በፊት ካልተዳሩ እሱ ብቻውን ይሄዳል፤ መቼ እንደሚመለስ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ትብለጽ ሽማግሌ ላከች። ዋናው ተናጋሪ ኃይለኪሮስ፣ ተከታዩ እኔ፣ ሦስተኛው እንድሪስ፤ መገናኛ ላይ ጨርቅ የሚነግድ የወሎ ሰው ነው፣ ጎረቤታችን።

«ትብለጽ፣ ኃይለኪሮስና ፍትዊ አይነጋገሩም» አልኳት።

«አብረው ሲውሉ አልነበር እንዴ?»

«በቼስ ተኳርፈዋል።»

ሳቀችብኝ። «ጋሼ ደግሞ! በእንጨት ጨዋታ የተኳረፈ ትልቅ ሰው በልጅ ጉዳይ ይኳረፋል?»

በረንዳውን አታውቀውም።

እሑድ ከሰዓት ገርጂ ፍትዊ ቤት ገባን። ምግቡ ቀርቧል። ሚስቱ አስመረት በሯ ላይ ተቀበለችን። ሽማግሌ የመጣበት ነገር እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ወጉ ነው። ሦስታችንም ቆምን። ኃይለኪሮስ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እግዚአብሔርን አመሰገነ፣ የቴድሮስን ጨዋነት ተናገረ፣ «ልጃችሁን ለልጃችን» አለ። ጥሩ ተናገረ።

ፍትዊ ጣሪያውን አየ። «ልጁን አልጠላውም። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ይጥራ። ፈረሱን ነክተሃል ወይስ አልነካህም?»

እንድሪስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ለጥሎሽ ፈረስ ጠየቁ እንዴ?»

«የቼስ ነው» አልኩት።

«ያ ረቢ!»

አስመረት «ኧረ በማርያም፣ ፍትዊ!» አለች።

«አንቺ ቆዪ። ስለ ልጁ ጠባይ እየመሰከረልኝ ያለው እኮ እሱ ነው። የነካውን የካደ ሰው ምስክርነት ምን ያደርግልኛል?»

ኃይለኪሮስ ፊቱ ቀላ። ነክቻለሁ ቢል ሉዋም ትዳራለች። አንድ ቃል ነው። «አልነካሁም» አለ። «በእጅጌ ነው።»

«እንግዲያው ከፋሲካ በኋላ ኑ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሉዋም ትንፋሿን ስትስብ ተሰማኝ። ከፋሲካ በኋላ ማለት ምን እንደሆነ ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ አባቷም ያውቃል።

ኃይለኪሮስም ልጅቷን ረሳት። «ፈራህ! ያን ጨዋታ በፈረሱም ያለ ፈረሱም አሸንፍህ ነበር!»

«ቦርዱን አምጡ!»

መጣ። ፍትዊ የዚያን ቀኑን አደራደር አንዲት ወታደር ሳይሳሳት መለሰው። የሉዋም ልደት ሲደርስ ግን ሁልጊዜ የምታስታውሰው አስመረት ናት። ኃይለኪሮስ ሽማግሌ ነውና አልተቀመጠም፤ ጎንበስ ብሎ ቆሞ ይጫወት ጀመር። ወገቡን ይዞ አንድ ወታደር ይገፋል፣ ወገቡን ይዞ ይቃናል። ፍትዊ ሶፋው ላይ ነው።

«ተቀመጥ፣ ወገብህ ሊሰበር ነው።»

«ሳትፈቅድ አልቀመጥም።»

«ስትሸነፍ ትቀመጣለህ።»

ወጡ ቀዘቀዘ። ጉልበቴ ያመኝ ጀመር። እንድሪስ አንዴ ወጡን፣ አንዴ ወንበሩን ያያል። አስመረት መጥታ አንድ ወንበር ሳብ አድርጋ ከኋላዬ አስጠጋች።

«ጋሼ፣ ጉልበትዎ አላመመዎትም?»

«ካልተፈቀደ አልቀመጥም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ያስፈቅዱ» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። ዓይኗ ባሏ ላይ ነበር፤ የባሏ ዓይን ቦርዱ ላይ ባለው ግንብ ላይ።

ገባኝ። «ፍትዊ፣ እንቀመጥ?» አልኩ።

«ቁጭ በሉ፣ እያሰብኩ ነው!»

«ሉዋምን ለቴድሮስ ሰጥተህ ነው ቁጭ በሉ ያልከን?»

«አዎ! አዎ አልኩ እኮ! ቁጭ በሉ፣ አታደናግሩኝ!»

ተቀመጥኩ። እንድሪስ ከእኔ ቀድሞ ተቀምጦ ነበር። አስመረት እልልታዋን ለቀቀችው፤ ከጎረቤትም መለሱላት። ሉዋም ከመጋረጃው ወጥታ የአባቷን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች።

«ቀስ በይ፣ ቦርዱን እንዳትነኪ» አላት።

ሳመችው። የዚያን ጊዜ ቀና አለ። «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?»

«ልጅህን ድረህ ነዋ» አለ እንድሪስ። እንጀራ እየቆረሰ ነበር።

«ማን? እኔ? መቼ ፈቀድኩ?»

«አሁን። ሦስት ሽማግሌ ሰምቷል።»

«እኔ እያሰብኩ ነበር! ሳላስበው ነው ያልኩት!»

እንድሪስ ጉርሻውን ዋጠ። «የነካኸውን ትጫወታለህ አላልክም? አፍህ ነክቶታል።»

ፍትዊ ወደ ኃይለኪሮስ ዞረ። ከተጣሉ ወዲህ እርዳታ ሲጠይቀው የመጀመሪያው ነበር። «አንተ ንገራቸው፤ ይሄ ይቆጠራል?»

ኃይለኪሮስ ወገቡን ይዞ አሰበ። «ሕጉ ግልጽ ነው» አለ። «አፍ እንደ እጅጌ አይደለም።»

ሁለቱም ሳቁ። በዚያው ታረቁ። ጨዋታው እኩል ወጣ፤ የፈረሱ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልተቆረጠም።

ሠርጉ ከጾሙ በፊት ሆነ። ልጆቹ ጅቡቲ ናቸው። ቼስ ልጅቷን ዳረ የሚሉ አሉ። የዳራት እናቷ ናት፤ ቼስ አባቷን ያዘላት እንጂ ሌላ አልሠራም።

ባለፈው እሑድ ሻይ ልጠጣ ተሻግሬ ነበር። የፍትዊ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። አየውና ወደ እኔ ገፋው። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ያናግሯት እስኪ።»

ሉዋም ነበረች። ሰላም ተባባልን። ሙቀቱ እንደከበዳት፣ ማርገዟን ለእሱ ልትነግረው እንደደወለች ነገረችኝ።

«አባዬስ?» አለች።

አየሁት። አገጩን ይዟል።

«እያሰበ ነው» አልኳት።