ማሽኑ የሚገድለው ያጣበት ክፍል

እትዬ በረኪና ይሏታል። ስሙን ያወጡላት የዎርዱ ነርሶች ናቸው፤ ከእሷ በፊት ሽታዋ ይደርሳል ብለው። እሷም አልጠላችውም። በሆስፒታሉ ውስጥ ጽኑ ሕሙማን የሚተኙበትን ዎርድ የምታጸዳው እሷ ናት፤ ዎርዱንም «ቤቴ» እንጂ ሌላ ስም ሰጥታው አታውቅም። ትምህርቷ ፊደል ከመቁጠር ብዙም አላለፈም፤ እምቢ ማለት ላይ ግን የተካነች ናት። ባሏ «አንቺን ከማሳመን ግድግዳውን ማሳመን ይቀላል» ይላታል። እሷም «ሂድና ግድግዳውን አግባ» ትለዋለች።

ማሽኑ የመጣው ጠዋት ላይ ነው። ነጭ ሸራ አልብሰው፣ ከፊትና ከኋላ አጅበው፣ ቀስ እያሉ እየገፉ አስገቡት። ቁመቱ ሰው ያክላል፤ ከታች ጎማ፣ ከላይ ረጃጅም መብራቶች አሉት። አጃቢውን ያዩ ነርሶች ወዲያው «ሙሽራው» አሉት። ዎርዱን የምትመራው ሲስተር የጽዳት ሠራተኞቹን ሰብስባ አስረዳች።

«ይሄ ማሽን ክፍል ውስጥ ብቻውን ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ የሚያወጣው ብርሃን ጀርሙን ይገድላል። ብርሃኑ ዓይንና ቆዳ ስለሚጎዳ ሲበራ ማንም ውስጥ አይገኝም። ገና አልተገዛም፤ የመጣው ለሙከራ ነው። እውነት ይሠራል አይሠራም የሚለውን የሚያጣሩት እሳቸው ናቸው።»

እሳቸው የተባሉት መነጽር ያደረጉ፣ ጸጥ ያሉ ጎልማሳ ናቸው። ሲስተር ስማቸውንም ማዕረጋቸውንም ተናግራ ነበር፤ እትዬ በረኪና ግን «መርማሪው» ብላ አሳጠረችው።

«ሙከራውን ካለፈስ?» አለች።

«ካለፈ ይገዛል።»

«እኛስ?»

«የተወሰናችሁት ወደ ላውንደሪ ትዛወራላችሁ ይባላል። አንቺ እንኳ እትዬ፣ ልምድ ስላለሽ...»

ቀሪውን አልሰማችም። ላውንደሪ! የላውንደሪዋ አለቃ የባሏ ታላቅ እህት ናት። ሁለቱ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ዓይንና ናጫ ናቸው። ያን ዕለት ሴትየዋ በሰው ፊት «ወንድሜ ምላስ አገባ፣ እጅ ግን አላገባም» ብላ ነበር። እትዬ በረኪና ከዚያ ወዲህ የወለወለችው ወለል ሁሉ ለዚያች ሴት የተሰጠ መልስ ነው። እንግዲህ አሁን እሷ ፊት ቆማ አንሶላ ልታጥፍ ነው፤ ሴትየዋም ጥግና ጥጉ አልገጠመም እያለች ያጠፈችውን መልሳ ልታስፈታት ነው።

«እግሬ ይሰበር!» አለች ጮክ ብላ።

«ምን አልሽ?» አለች ሲስተር።

«ምንም። ይቅናው አልኩ።»

ከዚያ ማሰብ ጀመረች። እትዬ በረኪና ስታስብ ቤተሰቡ ሁሉ ይፈራል፤ እሷ ግን ይህንን አታውቅም። ሐሳቧ እንዲህ ነበር፦ ሙሽራው የሚፈተነው ጀርም በመግደል ነው። ጀርም ባይኖርስ? ክፍሉን እሷ ቀድማ ልቅም አድርጋ ብታጸዳው የሚገድለው ያጣል። ቆሞ ሲያበራ ውሎ ባዶ እጁን ይወጣል። መርማሪውም «ይሄ ምንም አልገደለም» ብለው ይመልሱታል። በብልሃቷ ራሷ ተገረመች። ማታ ለባሏ «እኔ እኮ ብማር ኖሮ...» አለችው። እሱም ምን አስባ እንደሆነ ሳይጠይቅ እግዜር ያውጣን አለ።

ለሙከራው የተለየው ክፍል ከኮሪደሩ ጫፍ ያለው ባዶ ክፍል ነበር። በሩ ላይ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ያንን ማንበብ አልቻልኩም ብትል ደስ ባላት፤ ነገር ግን ጥርት አድርጋ አነበበችው። ሁሉም ምሳ ሲወጣ ባልዲዋን አንጠልጥላ ገባች።

ሥራው ላይ ማንም አይችላትም። ወለሉን፣ የመስኮቱን ደፍ፣ የአልጋውን እግር፣ የመጋረጃውን ዘንግ ሳይቀር በበረኪና ፈተገችው። በየቦታው ደግሞ የካፖርት ቁልፍ የሚያህሉ ክብ ብረቶች በፕላስተር ተለጥፈው አገኘች፤ አንዱ ራስጌው ላይ፣ አንዱ አልጋው ስር፣ አንዱ ከመጋረጃው ኋላ። የሁሉም ፊት ላይ ደረቅ ያለ እድፍ አለ።

«ጉድ እኮ ነው! ሙሽራው ገና ሥራ ሳይጀምር ብረቱን አቆሽሸውታል» አለች። ሰረቀች እንዳይሏት ከቦታቸው ሳታነሳ እያንዳንዳቸውን እሽት አድርጋ ወለወለቻቸው። እስኪያብረቀርቁ። ከዚያ በሩን ዘግታ ወጣች፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ከሰዓት በኋላ ሙሽራው ገባ፣ አበራ፣ ወጣ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ እትዬ በረኪና በኮሪደሩ እያለፈች ማሽኑን በአዘኔታ ታየው ነበር። «አይዞህ፣ አንተ ምን ታደርግ፤ የላኩህ ናቸው» እንኳ ብላዋለች።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። መርማሪው ሁለቴ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ሁለቴ አደረጉ። ፊታቸው በርቷል።

«ስሠራ የኖርኩት ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለ ውጤት ግን አላየሁም» አሉ። «በክፍሉ ውስጥ ሰው የማይጎዳ ጀርም የቀባናቸው ክብ ብረቶች ለጥፈን ነበር። ብርሃን የሚያገኛቸውም የማያገኛቸውም ቦታ ላይ። ከአንዱም ላይ አንድ ጀርም አልተረፈም! አልጋ ስር፣ ጨለማ ውስጥ ያለው እንኳ! ስለዚህ እንዲገዛ ብዬ ልጽፍ ነው።»

ሰው አጨበጨበ። እትዬ በረኪናም ሁለት ጊዜ ካጨበጨበች በኋላ እጆቿ አየር ላይ ቀሩ። ክው አለች። ብረቶቹ! ሙሽራውን የዳረችው ራሷ ናት። ያውም በራሷ ውሃ፣ በራሷ በረኪና፣ በራሷ ወገብ።

ዝም ብትል ላውንደሪ ነው። ብትናገር የተከለከለ ክፍል ገብታለች፤ ላውንደሪም ቀርቶባት ከነጭራሹ ከሥራ ልትባረር ትችላለች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሲስተር «እንግዲያው የተቃጠለችውን ልጅ እዚያ ክፍል እናስተኛት፤ ከአሁን በኋላ ለክፍሉ ማሽኑ ብቻ ይበቃዋል» ስትል ሰማች። ልጅቷን ታውቃታለች፤ ሲመቻት የምትቀልድ፣ ቁስሏን ገና ቆዳ ያልሸፈነው ልጅ ናት። አልጋ ስር ያለውን ጀርም የገደለው ሙሽራው እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድ ብቻ ነው።

ብድግ አለች። ለልጅቷ ብላ ነው ቢባል ጥሩ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ግማሹ ብሽቀት ነው፤ ያ ሁሉ ጭብጨባ ለእሷ ፍትጊያ መሆኑ አላስችል አላት።

«እኔ ነኝ!» አለች።

«ምኑ?» አሉ መርማሪው።

«ጀርሙን የገደልኩት። ያ መብራታችሁ አይደለም። ብረቶቹን በምሳ ሰዓት ወልውያቸዋለሁ።»

መርማሪው መነጽራቸውን አወለቁና መልሰው ማድረጉን ረሱት።

«ሁሉንም?»

«ታዲያ ግማሹን ወልውዬ ግማሹን ልተው? ምን ዓይነት ሰው እመስልዎታለሁ?»

«ለምን ገቡ?»

«የሚገድለው እንዲያጣ ብዬ ነዋ!»

አንዷ ነርስ ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ። መርማሪው ግን አልሳቁም፤ ድካማቸው ውሃ በልቶታል። ሲስተር ከአዳራሹ አውጥታ የተናገረቻትን ነገር እትዬ በረኪና ለባሏ እንኳ አልደገመችለትም። ልጅቷ ካለችበት ክፍል ሳትዛወር ቆየች፤ ሙከራውም ከመጀመሪያው እንዲደገም ተወሰነ። በዚህኛው ግን መርማሪው አንድ ነገር ጨመሩ። አንድ ቀን ማሽኑ ብቻውን፣ ሌላ ቀን እሷ ብቻዋን ይፈተኑ፤ ብረቶቹም እንደማይታዩ ሆነው ይለጠፉ።

«እፈተናለሁ!» አለች ደረቷን ነፍታ። «እንደውም እሱን ሁለት ጊዜ ያስገቡት።»

ውጤቱ ሲነገር ማንም አላጨበጨበም። ሙሽራው ፊት ለፊት ያለውን ሁሉ ጨርሷል፤ አልጋ ስርና ከመጋረጃው ኋላ ያለው ግን እንዳለ ነው። እትዬ በረኪና ፈገግ ማለት ጀመረች።

«እርስዎ ደግሞ» አሉ መርማሪው፣ «አልጋ ስርም መጋረጃም አንደኛ ነዎት። ራስጌ ያለውን የጥሪ ደወል ግን ጭራሽ አልነኩትም። ታማሚው ቀኑን ሙሉ የሚጫነው ደወል ነው፤ ከክፍሉ ሁሉ የቆሸሸው እሱ ነው።»

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ደወሉ! እንኳን በሙከራው ክፍል ያለውን፣ በዎርዱ ውስጥ ያለውን አንዱንም ወልውላ አታውቅም። ኮረንቲ አለበት ብላ። እንኳን ደወል፣ ቤቷ ውስጥ አምፖል የሚያበራውና የሚያጠፋው ባሏ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ስታንቋሽሸው የኖረችው ጀርም ራስጌው ላይ ተንደላቆ ሲያያት ነበር።

«ስለዚህ ሁለታችሁም ታስፈልጋላችሁ» አሉ መርማሪው። «መጀመሪያ ሰው ይፈትጋል፣ ቀጥሎ ማሽኑ ያበራል። ማሽኑን የሚያስገባውም፣ የሚሰካውም፣ የሚያወጣውም ያው የፈተገው ሰው ይሁን ብያለሁ።»

«የሚሰካው?» አለች።

«ሶኬቱን» አለች ሲስተር። «ደወሉም ደግሞ ማሽኑ ኖረ አልኖረ በእጅ ይወለወላል። እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ካልቻልሽ ሌላ ሰው ልመድብና አንቺ ላውንደሪ...»

«ማን አልችልም አለ?»

ሰው ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ተኮለኮለ። እትዬ በረኪና የጎማ ጓንቷን አጠለቀች፤ በላዩ ሌላ ደረበች። የዝናብ ቦቲዋን አስመጣች። የማሽኑን ገመድ እባብ እንደያዘ ሰው ራቅ አድርጋ ይዛ ግድግዳው ስር ተንበረከከች። ወደ ሶኬቱ ታያለች፣ ወደ በሩ ታያለች። አንሶላዎቹ ታዩዋት፤ ክምር ሆነው፣ የባሏ እህት አጠገባቸው ወገቧን ይዛ።

«ዓይንሽን ጨፍነሽ እንዴት ይገባል?» አለች ሲስተር።

«ዝም በዪኝ! ሳየው ይብሳል።»

ቀዳዳውን ስታ ግድግዳውን ጫረችው። ደግማ ሳተች። በሦስተኛው ቸክ ሲል ጮኸች፤ ማሽኑም ጢጥ ሲል መልሳ ጮኸች። ከዚያ አንድ ዓይኗን ገለጠች። አልሞተችም።

«በይ ውጪ፣ ሊበራ ነው!»

መባሉን አልጠበቀችም። ቦቲዋ እየተንሸራተተ ሲስተርን ገፍትራ፣ መርማሪውን አልፋ ኮሪደሩ ላይ ወጣች፤ በሩንም በጀርባዋ ደገፈችው። የበሩ መስኮት በብርሃን ተሞላ።

«እንዴት ነሽ?» አለቻት ሲስተር።

«ምን እሆናለሁ?» አለች፣ ጀርባዋን ከበሩ ሳታላቅቅ። «ሰካሁት አይደል? ቀጣዩ ክፍል የት ነው?»