አምስተኛው ነጥብ

ሐሙስ ጥቅምት 23 ቀን 1971 ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ኮተቤ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ መምህር አካሉ ሰደበኝ። ሃምሳ ሁለት ተማሪ ሰምቷል። እኔ የትምህርት ቤቱ አናጢ ነበርኩ፤ ከኋላ ተንበርክኬ የተሰበረ ዴስክ እጠግናለሁ።

እሱ ሰሌዳው ላይ አራት ማዕዘን ሣለና ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት መስመር አሰመረበት። «ይህ አራት ፊት ያለው ጠጣር ነው፤ ፊቶቹ ሁሉ ሦስት ማዕዘን ናቸው። መስመሮቹ ስንት ቦታ ይገናኛሉ?» አለ። ልጆቹ አራቱን ጥግና መሃሉን ቆጥረው አምስት አሉ። እሱም «5» ብሎ ጻፈ።

ዝም ብል ምን ነበረበት። «መምህር፣ አራት ነው» አልኩ። «መሃል ላይ የተነካኩት ሥዕሉ ላይ ብቻ ነው። በእንጨት ቢሠሩት አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ነው የሚያልፈው።»

ጠመኔውን አስቀመጠ። «አንተ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥከው አይደለህም? ልጆች፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህን ሰውዬ ፕሮፌሰር በሉት። በል ፕሮፌሰር፣ ምስማርህን ምታ።» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ያልሳቀች አንዲት ሴት ነበረች። አፀደ ትባላለች፤ ማስተማር ልትለማመድ መጥታ ከኋላ ተቀምጣ ማስታወሻ ትይዛለች። ከሰዓት በኋላ ሥራ ቤቴ መጣችና «ጋሼ ገረሱ፣ ያሉትን እስቲ ያሳዩኝ» አለችኝ። ስድስት እኩል የባሕር ዛፍ ዘንግ ቆረጥኩ፤ እሷ ጥግ ጥጉን ስትይዝ እኔ በሲባጎ አሰርኩ። ሲቆም እጇን ሥዕሉ ላይ በተነካኩት በሁለቱ እንጨቶች መሃል ሰደደች፤ እስከ ክርኗ ገባ። «እንዴ፣ ክንዴን አሳለፈው እኮ!» ብላ ሳቀች።

ሦስት ሳምንት ሐሙስ ሐሙስ መጣች። የፊቶቹን መሃል እንፈልግ አለች። እኔ በፊቶቹ ልክ ካርቶን ቆርጬ ምስማር ጫፍ ላይ ሳይወድቅ እስኪቆም ገፋ ገፋ አደረግኩት፤ እሷ በማስመሪያ ፈለገች፤ ሁለታችንም አንድ ቦታ አገኘን። አንዱን ፊት ክፍት ትተን፣ ከሦስት ጥግ በየፊት ለፊቱ ወዳለው ካርቶን መሃል ክር ወጠርን። ሦስቱም ሆዱ ውስጥ አንድ ነጥብ ላይ ተነካኩ። አራተኛውን ክር እሷ በጣቷ ይዛ ወደ ክፍቱ ፊት መሃል ዘረጋችው፤ እሱም እዚያው አለፈ። ያን ቀን ጋሼውን ትታ ገረሱ አለችኝ።

ልምምዷን ስትጨርስ ጎሬ ተመደበች። «በትምህርት ቤቱ አድራሻ እጽፍልሃለሁ» አለችኝ። እኔ ግን ጥር ላይ ሥራውን ለቀቅኩ፤ ልጆቹ በየደጁ ፕሮፌሰር ሲሉኝ አልቻልኩም። የካ ሚካኤል አካባቢ በርና መስኮት መሥራት ያዝኩ። ደብዳቤ መጥቶ እንደሆነ ብዬ ስንት ቀን ኮተቤ ሄጄ ከበሩ ተመለስኩ፤ ምክትል ዲሬክተር ሆኖ ደብዳቤ የሚያድለው አካሉ ነበራ። እንጦጦ እንጨት ልገዛ በወጣሁ ቁጥር ወደ ምዕራብ ዞሬ እቆማለሁ። ጎሬ ከዚያ እንደማይታይ አውቃለሁ።

ግንቦት 1976 መገናኛ አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ሰው ትከሻዬን ነካኝ። አካሉ ነው፤ ሸብቷል።

«ገረሱ አይደለህም? የት ጠፋህ ሰውዬ? አፀደን ታስታውሳታለህ? እዚያው ጎሬ ናት። ያ አናጢ የት ደረሰ እያለች በየዓመቱ ትጽፍልኛለች። አላገባችም እኮ። ነገ ልመልስላት ነው፤ አድራሻህን ስጠኝ።»

እስክሪብቶና ወረቀት አወጣ። አፌን ስከፍት ግን ሌላ ነገር ቀድሞ ወጣ። «ያን ቀን ያሉኝን ያስታውሳሉ?»

«የቱን ቀን?»

«ሐሙስ። ልጆቹ ፊት።»

አሰበ፤ የምሩን ነው ያሰበው፣ አይቼዋለሁ። «እኔ? አንተን? ምን ብዬህ?» ብሎ ሳቀ። «ተወው ባክህ፣ በስንት ክፍል ስንቱን ብያለሁ። ይልቅ አውቶቡሱ መጣ፤ ለአፀደ ምን ብዬ ልጻፍላት?»

ቀበሌዬም የቤት ቁጥሬም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበሩ። አምስት ዓመት ከሰባት ወር እሱ ያን ቀን አንድም ጊዜ አላሰበውም፤ እኔ ያላሰብኩበት ቀን የለም። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ተደግኖ ይጠብቀኛል።

ዞሬ ዳገቱን ያዝኩት። «ገረሱ!» ብሎ ጠራኝ፤ ደግሞ ጠራኝ። ሄድኩ።