ለጾመኛ ክብር ሲባል

ወንድሞችን ብትጠይቋቸው፣ እህቶቻቸው ረመዷንን ሠላሳውንም ቀን ይጾማሉ። አንዲትም ቀን አትጓደልም። ይህ እንዴት እንደሚሆን የጠየቀ ወንድ ደሴ ውስጥ እስካሁን አልተሰማም፤ የፈትሂያ ወንድም ሂሻምም ጠይቆ አያውቅም። ከዒድ በኋላ ያመለጧትን ቀናት ቀዳ ስታወጣ፣ መልሳ ስትጾማቸው እንኳ፣ "እህቴ ግዴታው አይበቃትም፣ ትርፍ ትጾማለች" እያለ ፒያሳ ላይ ለጓደኞቹ ይኩራራባት ነበር።

ያን ቀን ቁርጠቱ የጀመራት ሱሑር ተበልቶ፣ ሱብሒ ተሰግዶ፣ ወደ ኮምቦልቻ ልትወርድ ጫማዋን ስታስር ነው። ሁልጊዜም አመጣጡ አንድ ነው። መጀመሪያ እንደሚያውቃት ሰው ወገቧን በቀስታ ይነካታል፤ ከዚያ እምብርቷ ሥር ይገባና እንደ እርጥብ ልብስ ይጠመዝዛታል። በሌላ ቀን ቢሆን ተኝታ ታሳልፈው ነበር። በዚህ ሳምንት ግን በክር ፋብሪካው የገባችበት የሙከራ ጊዜ ያልቃል፤ ዛሬ የሠራችውን ጥናት ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆማ ታቀርባለች። ካልሆነላት ቤቷ ትቀመጣለች። ሂሻም እንደሆነ ከመጀመሪያውም፣ "ሴት ልጅ ደሴ ኮምቦልቻ መመላለሷ ምን ያደርግላታል?" የሚል ሰው ነው።

እናቷ ረሂማ ፊቷን አይታ ገባት። ወጥ ቤት ጎትታ አስገባቻትና ቦርሳዋ ውስጥ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር ወሸቀችላት።

"ማስታገሻው ከቴምሩ ጋር ነው። በባዶ ሆድሽ እንዳትውጪው። ሰው እንዳያይሽ ደግሞ።"

"እዚሁ ልዋጠው እንጂ፣ እማ።"

ሂሻም በሩን በትከሻው ገፋው። "መኪና ሊያመልጠን ነው። ምን ታንሾካሽካላችሁ?"

ረሂማ እጇን ከቦርሳው ስታወጣ ሌባ መሰለች። እሱ ዞር ሲል ፈትሂያ በጆሮዋ፣ "አላህ ፈቅዶልኝ የለም እንዴ?" አለቻት።

"አላህማ ፈቅዶልሻል። ወንድምሽ ነው ያልሰማው።"

ሂሻም ኮምቦልቻ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ በየጠዋቱ አብረው ነው የሚወርዱት። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ቦርሳዋንም እንዳይከብዳት ብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠላት። መድኃኒቷ በወንድሟ ጉልበት ላይ ሆኖ የሐረጎን ቁልቁለት ወረደች። በየጠመዝማዛው መንገድ ሆዷም አብሮ ይጠመዘዛል። ግንባሯን የፊተኛው ወንበር ላይ ስትደፋ፣ እዚያ የተቀመጡት ጥምጣም ያደረጉ ሽማግሌ ዞር አሉ።

"ምን ሆንሽ ልጄ?"

"ጾሙ ነው፣ አባባ" ሲል ሂሻም መለሰላት። "እህቴ ናት። ጾም ከያዘችበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ቀን አፍርሳ አታውቅም።"

"አንድም ቀን?"

"አንድም ቀን።"

ሽማግሌው ፈትሂያን አዩ፣ መልሰው ሂሻምን አዩ። "ሚስት አግብተሃል?"

"ገና ነኝ።"

"ያስታውቃል" አሉና ወደ መንገዳቸው ዞሩ።

ፋብሪካው በር ላይ ተለያዩ። ፈትሂያ ሩጫ ሊሆን ጥቂት በቀረው እርምጃ ወደ ውሃ ማቀዝቀዣው ሄደች፤ ቦታው ባዶ ነው። ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ዘንድሮ የሁዳዴና የረመዷን ጾም በአንድ ላይ በመግባቱ፣ ለጾመኛ ሠራተኞች ክብር ሲባል፣ ውሃ ከየኮሪደሩና ከስብሰባ አዳራሹ እንዲነሣ ተደርጓል ይላል። ከሥሩ የሥራ አስኪያጁ የአቶ ጥበቡ ፊርማ አለ። አቶ ጥበቡ ደግ ሰው ነው። ደግነቱ በመንገዷ ላይ ቆመባት እንጂ።

መጸዳጃ ቤት ገባች። ቧንቧውን ብትከፍተው አየር ብቻ ተነፈሰ። ቴምሩን አላምጣ ክኒኑን በምራቋ ልትገፋው ሞከረች፤ ክኒኑ ጉሮሮዋ ላይ ተለጥፎ፣ ምሬቱን አራግፎ ተመለሰ፤ ከቀረው ቴምር ጋር መልሳ በሶፍቱ ጠቀለለችው። ከጎን ካለው በር ጀርባ አንዲት ሴት ብርቱካን ትልጣለች፤ ሽታው ይመጣል። ሁለቱም ድምፃቸውን አጠፉ። እዚያ ቦታ ሰላምታ አይሰጣጡም።

ቤተ ሙከራ ውስጥ አብራት የምትሠራው ጽናት ስታያት፣ "አበባሽ ነው?" አለቻት።

"ምን ታስጮኺዋለሽ?"

"እናንተ እንኳ ደብቃችሁታል። እኔ በዚያን ሰሞን የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ነው የምቆመው። አላፊ አግዳሚው ቀኔን አውቆታል። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን፣ 'ያለፈው ወር ቀደም ብለሽ አልነበር?' አለችኝ።"

ፈትሂያ ሳቀች፤ ሳቁ ሆዷን ወጋት። ጽናት ዘበኞቹ ዘንድ ሄዳ አንድ ጠርሙስ ውሃ በጋዋኗ ሸፍና አመጣችላት። ክዳኑን ሳትከፍተው ግን ስብሰባው ተጠራ።

አዳራሹ ውስጥ ወንዶቹ ሞልተውታል። አቶ ጥበቡ በጥያቄው የታወቀ ነው፤ ቀድመዋት ያቀረቡትን ሁለት ልጆች እንደ ዶሮ ብልት ገነጣጥሎ አወጣቸው። ፈትሂያ ጥናቷ ውስጥ አንድ ደካማ ቦታ እንዳለ ታውቃለች። ነጩ ክር ለምን ቢጫ እንደሚሆን የደረሰችበት ከማጠቢያው ሙቀት ነው፤ የመጨረሻውን ሙከራ ግን አልደገመችውም። አቶ ጥበቡ እዚያ ላይ እንደሚይዛት አልተጠራጠረችም። መልሱን ሌሊቱን ሙሉ ስታጠና ነው ያደረችው።

ስሟ ሲጠራ ተነሣች፤ ቁርጠቱም አብሯት ተነሣ። ጠረጴዛውን ይዛ ጎንበስ አለች።

"ተቀመጪ፣ ተቀመጪ" አለ አቶ ጥበቡ በርኅራኄ። "ጾሙ ነው። እስኪፈታ እናቆየው?"

"የሙከራ ጊዜዬ ዓርብ ነው የሚያልቀው።"

"እሱማ ደንብ ነው።" አንገቱን ነቀነቀ። "ምን ይደረጋል፣ ይህ ሥራ ለጾመኛ ሴት ይከብዳል።"

ለጾመኛ ወንድ እንደሚከብድ ማንም አልተናገረም። ፈትሂያ ጠርሙሱን ከነጠላዋ ሥር አወጣች። የክዳኑ ቀጭን ድምፅ አዳራሹን ዞረ።

"ዛሬ ጾመኛ አይደለሁም" አለች። ቴምር ጎረሰች፣ ክኒኑን ዋጠች፣ ውሃውን እስኪበቃት ጠጣች። "ቁርጠት ነው፣ አቶ ጥበቡ። በየወሩ ነው የሚያመኝ። ተቀምጬ ላቅርበው።"

ጣራው ላይ ምን እንዳለ አይታወቅም፤ ወንዶቹ ሁሉ እዚያ አዩ። የፋይናንስ ኃላፊው የብዕሩን ክዳን ከፍቶ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። አንዱ ስልኩ ሳይጠራ አነሣው። አቶ ጥበቡ ወረቀቱን ገለበጠ፤ ጀርባው ባዶ ነበር፤ ባዶውን ማንበብ ጀመረ።

ፈትሂያ ሆዷን በአንድ እጇ ይዛ አቀረበች። ደካማው ቦታ ስትደርስ እያወቀች ዝግ አለች፤ ና፣ ጠይቀኝ እንደማለት።

"ጥያቄ ያለው?" አለ አቶ ጥበቡ፣ ለጠረጴዛው።

ያለው አልነበረም። ሴትን ከጠየቋት ትመልሳለች፤ ዛሬ ደግሞ ምን እንደምትመልስ አይታወቅም።

"እንግዲህ ጸድቋል። ቋሚ ትሁን። የሚቀጥለው ማነው?"

ስትወጣ ጽናት ኮሪደሩ ላይ ነበረች፤ ሁሉንም ከበሩ ሆና ሰምታለች። "የእኔ ግምገማ የሚቀጥለው ወር ነው" አለች። "ቀኑን አስልቼ ላስይዝ መሰለኝ።"

ፈትሂያ አልሳቀችም። ያን ሁሉ ጊዜ የለፋችበትን ሥራ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቃትም። ሕመሙ የለቀቃትም ከዚያ በኋላ ነው፤ ማስታገሻው ሠርቶ ወገቧ ላይ ሙቀት ሲፈስስ፣ ትከሻዋ ከጆሮዋ ሲወርድ ተሰማት። ይህን ያህል ትንሽ ክኒን ነበር። ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ልትውጠው ትችል ነበር።

ማታ አዛን ሲል ሂሻም ቴምሩን በቅድሚያ ለእሷ ዘረጋ። ቋሚ መሆኗን ሰምቶ ደስ ብሎታል፤ ደስታውን ሁሉ ለጾሟ ሰጥቶታል።

"አላህ የጾመኛን ዱዓ አይመልስም፤ ይኸው።"

"ዛሬ አልጾምኩም" አለች ፈትሂያ።

የሂሻም እጅ አየር ላይ ቀረ። አባቷ፣ "ሾርባው ጨው አንሶታል" አሉ፤ ገና አልቀመሱትም።

"እንዴት አልጾምሽም? ከመቼ ጀምሮ?"

"ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ። በየረመዷኑ፣ ለጥቂት ቀን።"

ሂሻም ምስክር እንደሚፈልግ ሰው ወደ እናቱ ዞረ። ረሂማ ሾርባ ጨልፋ ፊቱ አስቀመጠችለት።

"ጠጣ" አለችው፣ "አንተ ጾመኛ ነህ።"