ሲጥ የሚለው ሳክስፎን

ይሄይስ ሳክስፎኑ ሲጥ ማለት የጀመረበትን ጊዜ አይረሳውም፤ ከፍልሰታ ወዲህ ነው። በፊትማ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ሠርግ የደገሰ ሁሉ የሚያስጠራው እሱን ነበር። አሁን ግን ዜማው ከፍ ወዳለው ቦታ ሊወጣ ሲል፣ ከዚያ ሁሉ ናስ ውስጥ በር የቆነጠጣት አይጥ የምትመስል ድምፅ ታመልጣለች። ሲጥ! ሙሽሪት ደንግጣ ቀና ትላለች፣ ሚዜዎች ይሳሳቃሉ፣ ይሄይስ ላብ በላብ ይሆናል።

ጥፋተኛ ፍለጋ ጀመረ። መጀመሪያ የተጠረጠረችው ሪዷ ናት፤ ሳክስፎኑ አፍ ላይ የምትታሰረው፣ ሲነፋ የምትርገበገበው ስስ የሸምበቆ ምላስ። ደርቃ ይሆናል ብሎ ውሃ ውስጥ ነከራት፤ ጫፏ ተሸርፎ ይሆናል ብሎ በአዲስ ቀየራት። ቀጥሎ ብርዱ ተወቀሰ፤ እንጅባራ መቼም በብርድ አትታማም። ቀዳዳዎቹን የሚከድኑት ቆዳዎችም አንድ በአንድ ተፈተሹ። ሁሉም ነጻ ወጡ፤ ሲጥታዋ ግን እዚያው አለች።

የባንዱ መሪ እንየው ገና ወጣት ነው፤ ሰው ማስቀየም አይወድም። ነገሩን የተናገረው መሬት መሬት እያየ ነው።

«ጋሼ ይሄይስ፣ ቅር እንዳይልዎት። የቅዳሜው የዳንግላ ሠርግ ላይም ከጮኸ፣ ከዚያ ወዲያ የእርስዎን ቦታ ኪቦርዱ ይጫወተው ተባብለናል።»

«ኪቦርዱ?»

«የሳክስፎን ድምፅ አለው እኮ።»

ይሄይስ አንጀቱ አረረ። ዕድሜውን ሙሉ ሳንባውን የጨረሰበትን ነገር፣ ቁልፍ ሲጫኑት የሚያወጣ ሳጥን ሊተካው ነው! ከባንዱ ከወጣ ደግሞ ማን ሊሆን ነው? ከተማው «ሳክስፎኑ» እያለ ነው የሚጠራው፤ የአባቱን ስም እንኳ የሚያውቅለት ጥቂት ሰው ነው።

ቤቱ ገብቶ ስልኩ ላይ የድሮ ሠርግ ቪዲዮዎች ከፈተ፤ ደህና በነበረ ጊዜ አፉን እንዴት ይይዝ እንደነበር ሊያይ። የመጀመሪያውን አየ፣ ወደደው። ዜማው ከፍ ሲል የአንዲት ሴት እልልታ ቀለጠ። «ይኸው፣ እንዲህ ነበር የምወደደው» አለ በልቡ። ሁለተኛውን ከፈተ፤ እልልታው እዚያው ቦታ ላይ መጣ። ሌላም ከፈተ። አሁን ጠረጠረና ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ከእልልታው ሥር፣ ታፍና፣ ሲጥታዋ አለች። እልል የምትለዋም ድምፅ አይጠፋውም፤ ሚስቱ ደጊቱ ናት።

ደጊቱ ባሏ የተጠራበት ሠርግ አይቀራትም ነበር። ሰው «ባሏን ከኮረዳ ልትጠብቅ ነው» እያለ ያማታል፤ ይሄይስም በዚህ ሐሜት ትንሽ ይኩራራ ነበር። በፍልሰታ ታናሽ ወንድሟ ሀብቱ ሞተ፣ ጥቁር ለበሰች። ጥቁር የለበሰች ሴት እልል አትልም።

ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ አገኛት።

«ስትሸፍኚልኝ ነው የኖርሽው?»

ስልኩን አየችና ገባት። «አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትተወው ነበር። አጣሁህ እንዴ?»

«ሊጮህ መሆኑንስ በምን ታውቂ ነበር?»

«ጆሮህ ሥር ያለው ጅማት ይጠጥራል። ሰው ሲያይህ ትፈራለህ፣ ስትፈራ ጥርስህን ትነክሳለህ። እሱን ሳይ ተነሥቼ እልል እላለሁ።» ጎመኑን ሰብስባ ቀና አለች። «አሁን ግን አልችልም፣ ይሄይስ። አፌ አይከፈትልኝም።»

ይሄይስ አፈረም፣ ተናደደም። ግን ሴትዮዋ ልክ ናት። ሪዷን እያነቃት ኖሯል፤ የታነቀ ሸምበቆ ሲጥ ከማለት በቀር ምን ያድርግ? ሳምንቱን መስታወት ፊት ቆሞ መንጋጋውን ማላላት ሲለማመድ ሰነበተ።

ቅዳሜ ደረሰ። ለዳንግላ ሰው የምትዳረው ሙሽሪት የጎረቤታቸው ልጅ ናትና ደጊቱም መቅረት አልሆነላትም፤ ከነጥቁሯ ዳሱ ጥግ ተቀመጠች። እንየው በዓይኑ ምልክት ሰጠ፣ ተራው የሳክስፎን ሆነ። ይሄይስ ከዝቅተኛው ተነሥቶ መውጣት ጀመረ። ያቺ ቦታ ስትቃረብ መንጋጋው እንደ ልማዱ ሊከረቸም ሲል፣ ለቀቀው። ድምፁ ወጣ፤ ጥርት ያለ፣ ሙሉ፣ ራሱም ከራሱ ሰምቶት የማያውቅ። ዳሱ በጭብጨባ ተናጋ። እንየው ፊቱ በራ።

ይሄይስ እየነፋ ደጊቱን ፈለጋት፤ እውነቱን ለመናገር፣ እንድታደንቀው ነው። እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፤ እልል ልትል ያለች ሴት እንደምታደርገው። እልልታ ግን አልወጣም። እያለቀሰች ነበር።

ያን ጊዜ ነው የገባው። ከፍልሰታ ወዲህ የእሷን ዝምታ የሰማው በሳክስፎኑ በኩል ብቻ ነው። ሪዷን ስንቴ አገላብጦ አይቷል፤ ደጊቱን ግን «እንዴት ነሽ?» ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ድምፁ በጠራ ቁጥር እፍረቱ ባሰ።

ዜማውን እመሃል ላይ ተወው። ሳክስፎኑን ከአንገቱ አውልቆ ወንበር ላይ አጋደመና ከመድረኩ ወረደ። እንየው ግራ ገብቶት በዓይኑ ተከተለው፤ ምን ያድርግ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹን ጠቀሰው። የሳጥኑ ሳክስፎን ካቆመበት ቀጠለ። ይሄይስ ዞሮም አላየ፤ ሄዶ ደጊቱ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ምነው? አልጮኸም እኮ!» አለች ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች። «ተመለስ፣ ይተኩሃል!»

«ይተኩኝ።»

እሱ የሚያውቀው አማርኛ ብቻ ነው፣ እሷ አገው ናት። የሀብቱ ለቅሶ ቀን በአገውኛ ስታንጎራጉር ሕዝቡ ሁሉ ያነባ ነበር። ይሄይስ የያዘው ዜማውን ብቻ ነው፤ ትርጉሙን አልጠየቀም።

«ለሀብቱ ያልሽው ምን ነበር?» አላት። «ያን ቀን፣ በአገውኛ።»

ደጊቱ ወደ እሱ ዞረች።

«ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ?»

«ዛሬ ነው።»

ጭፈራው እንዳይውጥባት ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«‹ከእንግዲህ በቤቴ ውስጥ ማን በቋንቋዬ ያዋራኛል› ነው ያልኩት።»